የብረት አፍ ያለው ቦርሳ አገጣጠም፦ ጥያቄና መልስ

በእጅ በተሰፋ ቦርሳ ላይ ቀጭ ብሎ የሚዘጋውን የብረት ፍሬም ስለመግጠም ከተለያዩ የወሎ ከተሞች የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። እንድንግባባ ያህል፣ ጨርቁ የሚገባበትን ስንጥቅ «ቦይ»፣ ሁለቱ የፍሬሙ ክንፎች የሚገናኙበትን «ማጠፊያ»፣ አናቱ ላይ ተቆላልፈው የሚዘጉትን ሁለት ጉብታዎች «ፍሬ» እላቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሁለት ቦርሳ ሞከርኩ። በአንዱ ጨርቁ ተርፎ ተጨማደደ፣ በሌላው ደግሞ ማጠፊያው አጠገብ እየሾለከ ወጣ። ማስቲሹ ደካማ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ማስቲሹ አይደለም፤ ልኩ ነው። ከተበላሹ ቦርሳዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት ገና ሲቆረጡ ነው። ጨርቅ ከመንካትሽ በፊት ክር ወስደሽ በአንዱ ክንፍ ቦይ ውስጥ ከማጠፊያ እስከ ማጠፊያ አስተኝና ለኪው። ክሩ 22 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ተሰፍቶ ያለቀው የቦርሳ አፍ በዚያ በኩል ከ22 እስከ 22.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ይጨማደዳል፤ ካነሰ ደግሞ ጨርቁ ሁልጊዜ ስለሚወጠር ከጫፉ ይሾልካል።

ንድፉን ስታወጪ ፍሬሙን ዘግተሽ ወረቀት ላይ አስተኚውና የውጭ ጠርዙን በእርሳስ ተከተዪ፤ ማጠፊያዎቹ ያሉበትን በግራም በቀኝም ነጥብ አድርጊ። ከነጥቡ ወደ ታች ጎኑን ቀጥ አድርገሽ አታውርጂው። በየጎኑ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እየሰፋ ይውረድ፤ አለዚያ ቦርሳው ጠፍጣፋ ሆኖ እጅ አያስገባም። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈሽ ከቆረጥሽው ግራና ቀኙ እኩል ይመጣል። በዙሪያው 7 ሚሊ ሜትር የስፌት ትርፍ ጨምሪ።

የጎኑ ስፌት ከማጠፊያው ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። እስከ ነጥቡ ከተሰፋ ቦርሳው በተከፈተ ቁጥር ማጠፊያው ጨርቁን ይነክሰዋል። የላይኛውን ጨርቅና ገበሩን በአፉ በኩል ፊት ለፊት አድርገሽ ስትሰፊ ከአንዱ ጎን መሃል 6 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዪና በዚያ ገልብጪው። ክፍቱ በኋላ ቦይ ውስጥ ስለሚደበቅ ስለ መልኩ አታስቢ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሱፐር ግሉ፣ ማስቲሽ፣ ነጭ ኮላ ወይስ የሚቀልጥ የፕላስቲክ ሙጫ?

መልስ፦ ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ። ሲደርቅም ትንሽ ስለሚለጠጥ ቦርሳው ሲከፈትና ሲዘጋ አይሰነጠቅም። ሱፐር ግሉ ደረቅና ተሰባሪ ነው፤ በዚያ ላይ ጨርቁ ውስጥ ሰርጎ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ጥጥ ላይ ብዙ ከፈሰሰ ደግሞ በፍጥነት ይግላል፣ ያጨሳል፣ እጅም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለሽማ ፈጽሞ አይሁን። ነጭ ኮላ ወረቀትና እንጨት ይወዳል እንጂ ብረት ላይ አይጸናም። የሚቀልጠው ሙጫ ቦዩ ውስጥ ሳይዘረጋ ይረጋል፤ እንደ ባቲ ባለ ሞቃት አገር ፀሐይ ላይ ከዋለም ይለሰልሳል።

ማስቲሽ ሽታው ያዞራል፣ ተኑም እሳት ይይዛል። መስኮት ይከፈት፤ ማስቲሹ ግን ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ አይከፈት።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ከፍሬሙ ጋር የተጠማዘዘ የወረቀት ገመድ ይመጣል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ፍሬሙን ከአሮጌ ቦርሳ ለነቀለ ሰውስ ምን ይተካዋል?

መልስ፦ ጨርቁን ቦዩ ውስጥ የሚቀረቅረው እሱ ነው። ማስቲሹ ያጣብቃል፤ ገመዱ ግን ሽብልቅ ነው። ሲገፉት ጠፍጠፍ ብሎ ክፍተቱን ይሞላል። ከጠፋ የስሚንቶ ከረጢቱን ቡናማ ወረቀት አራግፎና ጠርጎ፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ ቆርጦ አጥብቆ መጠምዘዝ ይቻላል። የተገመደ ቃጫም ይሆናል። ናይለን ገመድ ግን ሙልጭ እያለ ይወጣል። ርዝመቱ ከቦዩ ርዝመት በሁለቱም ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ ማጠፊያው ጋ ከደረሰ ፍሬሙ አልዘጋ ይላል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ አገጣጠሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ብትነግሩን። እኔ አንዱን ጎን ሳስገባ ሌላው ይወጣብኛል።

መልስ፦ የሚወጣብሽ ሁለቱን ክንፍ በአንድ ጊዜ ስለምትሠሪ ይመስለኛል። አንዱ ክንፍ ይዞ ሳይጨርስ ሁለተኛው አይነካ።

መጀመሪያ ያለ ማስቲሽ ሞክሪ። ጨርቁ በለስላሳ ግፊት መግባት፣ ሲነቀነቅም መውደቅ አለበት። እየታገለ ከገባ ለገመዱ ቦታ የለም ማለት ነው፤ ሳይነቀነቅ እንኳ ከወደቀ ደግሞ ወፈር ያለ ገመድ ይፈልጋል። ቀጥሎ ገመዱን በገበሩ በኩል ከአፉ ጠርዝ ጋር በሰፋፊ ስፌት ጠልፊው። ይህ ሥራውን ግማሽ ያቀልለዋል፤ ጨርቁና ገመዱ አብረው ይገባሉና። የጨርቁንና የፍሬሙን መሃል በሳሙና ምልክት አድርጊ።

አሁን በቀጭን እንጨት ከቦዩ ውስጥ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ስስ ማስቲሽ ቀቢ፤ ቦዩን አትሙዪው፤ የበዛው ሁሉ ጨርቁ ላይ ነው የሚወጣው። የጨርቁንም ጠርዝ ቀቢ። ማስቲሽ በደንብ ከደረቀ በኋላ እንደነካ ስለሚይዝ ማስተካከያ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተሽ ገና እርጥብ ሳለ አስገቢ። መሃሉን ከመሃል አገናኚ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ ማዕዘኖች፣ በመጨረሻ ወደ ማጠፊያዎቹ ሂጂ። ከማጠፊያ የጀመረ ሰው ትርፉን ሁሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያገኘዋል። በገበሩ በኩል በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወይም በደነዘ ወስፌ ገመዱን ወደ ቦዩ ውስጥ ግፊው። ማዕዘኑ ላይ ጨርቁ ይሰበሰባል፤ እዚያ በትናንሹ እየነካካሽ ቆዪ፣ አትቸኩዪ። ውጭውን ገልብጠሽ እዪ፦ የጥለቱ መስመር ከፍሬሙ ጋር እኩል ከሄደ ገብቷል።

አንድ ሰዓት ጠብቀሽ ሁለተኛውን ክንፍ ሥሪ። ከዚያ አፉ ክፍት እንደሆነ ለ24 ሰዓት ይተው፤ ማስቲሹ ብረት ውስጥ ስለታፈነ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። በደሴ የነሐሴ ጭጋግ ሁለት ቀን ስጪው። በመጨረሻ አራቱን ጫፎች ከማጠፊያው አጠገብ፣ በውስጥ በኩል ብቻ፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርጊ። በፒንሳውና በብረቱ መካከል ቁራጭ ቆዳ ይግባ፤ አለዚያ ቅቡ ይላጣል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከባና የተረፈ ቁራጭ አለኝ። ውፍረቱ ቦዩ ውስጥ አልገባ አለ።

መልስ፦ አይግባ፤ አታስገድደው። ባናው ከፍሬሙ ጠርዝ በታች እንዲያልቅ ቁረጠውና አፉ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስስ የጥጥ ጨርቅ ስፋበት፤ ቦዩ ውስጥ የሚገባው ጥጡ ብቻ ይሆናል። መጋጠሚያው ከብረቱ ሥር ስለሚውል ብዙም አይታይም። ለባና ሌላ ማጠንከሪያ አያስፈልግም፤ ራሱ ይቆማል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ለሽማስ?

መልስ፦ የሽማ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ይሳሳል። አስቀድሞ ይታጠብና ይተኮስ፣ ጥጥ ሲታጠብ ይኮማተራልና። ከዚያ በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ ከጀርባው ይለጠፍበት። ጥለቱን ቦርሳው ሆድ ላይ አውሉት፤ አፉ ላይ ካደረጋችሁት ግማሹን ብረቱ ይበላዋል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ የእኔ ፍሬም ቦይ ሳይሆን በዙሪያው ቀዳዳ ነው ያለው።

መልስ፦ ያ በመርፌ የሚሰፋው ነው፤ ለጀማሪም የተሻለ ነው፣ ከተሳሳቱ ይተረተራል። በሰም የታሸ ድርብ ክር፣ ከመሃል ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ማጠፊያው አንዱን እየዘለሉ ሄዶ፣ ሲመለሱ የተዘለሉትን መሙላት ነው። ማጠፊያው አጠገብ ያለችው የመጨረሻ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ትሰፋ፤ ጭነቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ገጥሜ ጨርሻለሁ፣ ፍሬዎቹ ግን አይቆላለፉም።

መልስ፦ መጀመሪያ ጎኑን ይዩት። የሁለቱ ክንፎች ጫፍ እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ተጣሟል ማለት ነው፤ በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ተቃራኒው ያቃኑት። እኩል ከሆነ ፍሬዎቹን በጨርቅ ጠቅልለው በጣት ጥቂት ያቀራርቧቸው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ያራርቋቸው። በፒንሳ አይሆንም፤ ከሥራቸው ይቆረጣሉ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የፈሰሰ ማስቲሽ?

መልስ፦ ብረት ላይ ከሆነ ደርቆ እንደ ጎማ ሲሆን በጣት እየተሽከረከረ ይለቅቃል። ጨርቅ ላይ ከሆነ እርጥብ ሳለ በደረቅ ጥጥ ነካ ነካ አድርጎ ማንሳት እንጂ ማሸት አይገባም፤ ከታሸ ይሰፋል። ደርቆ ከቀረ እዚያው ላይ ዶቃ ይሰፋበት።