ሲደገም የሚጠነክር ፍሬን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የመኪናዬን የፊት ፍሬን በትልቅ ቀየርኩት። ባለ አንድ ፒስተኑን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) አውጥቼ ባለ አራት ፒስተን ገጠምኩ። ዲስኩ፣ ሸራውና ተጣጣፊው ቱቦም አዲስ ነው። ግን ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነብኝ። መጀመሪያ ስረግጠው ከግማሽ በላይ ይሰምጣል። ቶሎ ስደግመው ግን ከፍ ብሎ ይጠነክራል። ከወንድሜ ጋር ሦስት ጊዜ አየር አስወጣን። የማስወጫው ብሎን ወደ መሬት ስለዞረ ቱቦዋን የምናስገባው በጀርባችን ተኝተን ነው። ሁለት ሰዎች «ማስተር ሲሊንደሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን) ቀይር» ብለውኛል። ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግዛ። ቢያንስ ገና ነው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ችግሩን አንተው ጽፈኸዋል፣ ሳታስተውል አለፍከው እንጂ። «ብሎኑ ወደ መሬት ዞሯል» ብለሃል።

የአየር ማስወጫ ብሎን ቦታው የካሊፐሩ አናት ነው። አየር ከዘይት ስለሚቀል ወደ ላይ ይሄዳል። ብሎኑ ከታች ሲሆን ዘይቱ ይወጣል፣ አየሩ ግን ከላይ ተሸጉጦ ይቀራል። ሠላሳ ጊዜ ብትደግመውም ያው ነው። የግራውን ካሊፐር በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ሳትገጥም አልቀረህም።

ይህን በድፍረት የምናገረው በእጄ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ደንበኛ ልክ እንዳንተ ትልቅ ካሊፐር ይዞ መጣ። ገጠምኩለት። ከጠዋት እስከ ማታ አየር አስወጣሁ። ጠርሙሱ ውስጥ የሚወርደው ዘይት ንጹህ ነው፣ አንዲት አረፋ የለችም። ፔዳሉ ግን እንደ ትራስ ነው። በማግስቱ ጎማውን ፈትቼ ዝም ብዬ አየሁት። ሁለቱን የካሊፐር ግማሾች የምታገናኘው ቀጭን ቧንቧ ከላይ፣ ብሎኑ ከታች። አቀያይሬ ገጠምኩ። ብሎኑን ገና ሩብ ዙር ስከፍተው አየሩ እየተንቦጨቦጨ ወጣ። ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ያ ሰው መኪናውን በዚያ ሁኔታ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ሲደገም ለምን ይጠነክራል? ዘይት አይታመቅም፣ አየር ይታመቃል። የመጀመሪያው ርግጫ አየሩን ሲያምቅና ፒስተኖቹን ወደ ሸራው ሲያስጠጋ ያልቃል። ቶሎ ስትደግመው ፒስተኖቹ ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፣ ስለዚህ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ይይዛል።

አሁን ካሊፐሮቹን አቀያይር። የፒስተኖቹ መጠን የተለያየ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለህ፦ ትንሹ ፒስተን ዲስኩ ወደ ሸራው በሚገባበት በኩል መሆን አለበት። ሲገለበጥ ሸራው በአንድ ጎን ብቻ ይበላል። ከዚያ እንደገና አየር አስወጣ። ብዙ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐሮች ከላይ ሁለት ብሎን አላቸው፣ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ። ሁለቱንም በየተራ ክፈት። ወንድምህ ፔዳሉን ይርገጥ፣ አንተ ብሎኑን ሳትዘጋ ግን እግሩን አያንሳ። የምታስገባት ቱቦ ብርሃን የምታሳልፍ ትሁን፣ ከብሎኑ ተነስታ መጀመሪያ ወደ ላይ ትውጣና ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ትውረድ። ካሊፐሩን በጎማ መዶሻ ቀስ እያልክ ነካ ነካ አድርገው። ግድግዳው ላይ የተጣበቁ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ አረፋዎች ያኔ ይለቃሉ።

አንድ ነገር አደራ። መኪናው አሮጌ ከሆነ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ አይረገጥ። የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያው) በየቀኑ የሚመላለሰው በአጭር ርቀት ነው። ከዚያ ያለፈው ክፍል ዝገትና ቆሻሻ ሊይዝ ይችላል። ጎሚኒው እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል፣ ያልነበረ ብልሽት ትፈጥራለህ። ከፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት አድርግ። የዘይት መያዣውም ባዶ እንዳይሆን። አየር ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል) ውስጥ ከገባ በኮምፒውተር ካልታዘዘ የማይወጣበት መኪና አለ።

«አራት ፒስተን ስለሆነ ማስተር ሲሊንደሩ አይበቃውም» የሚሉህ ሰዎች ሒሳቡን አልሠሩም። የድሮው ፒስተን 54 ሚሊ ሜትር፣ አዲሶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 40 ሚሊ ሜትር ናቸው እንበል። የድሮው ስፋት 2,290 ካሬ ሚሊ ሜትር ግድም ነው። የድሮው ፒስተን ያለው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ በአዲሱም የምትቆጥረው የአንድ ጎን ሁለት ፒስተኖችን ብቻ ነው፤ እነሱም 2,513 ይሆናሉ። ልዩነቱ አሥር በመቶ ገደማ ነው። ይህ ፔዳሉን ትንሽ ያስረዝመዋል እንጂ ስፖንጅ አያደርገውም። የአንተን ፒስተኖች ለካና ራስህ አስላው። ልዩነቱ 30 በመቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ስለ ማስተር ሲሊንደር አወራህ ነበር።

ማስተር ሲሊንደሩን መፈተን ከፈለግህ ሞተር አጥፍተህ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። ሲጠነክር በእኩል ጉልበት ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዘው። ከእግርህ ስር ቀስ እያለ ከወረደ ወይ የሆነ ቦታ ዘይት ይፈስሳል፣ ወይ የማስተሩ ጎሚኒ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። ካልወረደ ማስተርህ ደህና ነው። እግርህን ሳታነሳ ሞተር ስታስነሳ ግን ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጤና ነው፣ ሰርቮው (ለእግርህ ጉልበት የሚያግዘው ክፍል) እየሠራ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል።

የኋላው ፍሬን ታምቡር (በዲስክ ፈንታ ከበሮ መሰል) ከሆነ የሸራውን ክፍተት እይ። ሸራው ከታምቡሩ ከራቀ ፔዳል ያረዝማል።

እስከዚያ መኪናውን አትንዳው። ሲደገም ስለያዘ አትመነው፣ ልጅ ድንገት መንገድ ሲገባ ለመድገም ጊዜ የለህም። ስትጨርስም መጀመሪያ ሜዳ ባለና ሰው በሌለበት ቦታ፣ በእግር ፍጥነት፣ እጅህን እጅ ፍሬኑ ላይ አድርገህ ሞክረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ላይ ዶት 5 ልጨምርበት? ቁጥሩ ከፍ ስላለ ይሻላል ብዬ ነው።

መልስ፦ በፍጹም። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይዋሃድም። ዶት 5.1 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነው፣ ከዶት 4 ጋር ይስማማል። ከሁሉም በላይ ዘይትህ ስንት ጊዜ እንደቆየ እይ። አዲስ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ የዘይቱ ውሃ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይታመቃል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ገዝተህ በየሁለት ዓመቱ ቀይረው።