ስልክ ካልተከፈተ አፏን የማትከፍት ልጅ

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ሴት ልጄ አንድ ዓመት ከዐሥር ወር ሆኗታል። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ጠዋት 1፡30 ወጥታ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ትመለሳለች። ሞግዚታችን በጥቅምት ወደ አገሯ ከገባች ወዲህ ልጅቷን የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራዬ ሞባይል መጠገን ነው። ሱቄ ከቤታችን ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ስለሆነች፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን እይዛለሁ ብዬ ነበር የገባሁበት።

ትልቁ ችግሬ ምግብ ነው። ስልክ ካልተከፈተላት አፏን አትከፍትም። የልጆች መዝሙር እያየች ሳለ ፍትፍቱን አጎርሳታለሁ፤ ስልኩ የጠፋ እንደሆነ ግን ከንፈሯን ግጥም ታደርገዋለች። አንዲት ሳህን ለማስጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ደግነቱ ወተቷን አትጠላም፤ ጠዋት ስትነሣ፣ ረፋድ ላይ፣ ከቀን እንቅልፏ ስትነቃና ማታ ስትተኛ ጡጦዋን ሙጥጥ አድርጋ ትጠጣለች። በእሱ ነው የቆመችው። አማቴም ከሰዓት በኋላ ለቡና ብቅ ሲሉ ብስኩት ይዘውላት ይመጣሉ።

በዚያ ላይ ቃሏ ሁሉ «እምቢ» ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ከረሜላ ከለከልኳት ብላ ከሱቅ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተዘርግታ ስትጮህ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ቆመው አዩኝ። ሳል ከያዛት ደግሞ ሰባት ቀኗ ነው። አማቴ «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ አዋቂ ዘንድ ወስደን እናስቆርጥላት» ይላሉ። ባለቤቴ ዝም ብላለች፤ እኔን ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። የሠፈሩ ሰው በበኩሉ «ሰውየው ሞግዚት ሆነ» እያለ ይስቅብኛል። ምን ይመክሩኛል?

የሚሚ አባት

መልስ

የሚሚ አባት፣ እንደ ልጄ ስለማይህ አንተ ብልህ አትቀየመኝም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላው ሁሉ ቀን ይሰጣል፣ እንጥሉ ግን ቀን አይሰጥምና ከእሱ ልጀምር።

አታስቆርጥ። እንጥል ጉሮሮ ሲቆጣ አብሮ ያብጣል፤ ጉንፋኑ ሲለቅ አብሮ ይጎድላል። በጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሌሊቱ በስንት ሰዓት፣ በደም በራሰ ነጠላ ተጠቅልለው የመጡ እንጥላቸው የተቆረጠ ሕፃናት ተቀብያለሁ። ደሙ ቢቆም ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ምላጩ ደግሞ ከማን አፍ ወጥቶ ወደ ማን አፍ እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከአማትህ ጋር ግን አትጋጭ። እሳቸውም የሚያደርጉት የልጅ ልጃቸው ሳል አላስተኛቸው ስላለ ነው። «እማማ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይና ከዚያ እንነጋገራለን» በላቸው፤ አብረውህ ይሂዱ። ከባለሙያው አፍ ሲሰሙት አንተ ብትናገረው ከሚከብዳቸው ይቀላቸዋል። ሚስትህም ዝም ያለችው በአንተና በእናቷ መካከል ሆና ይመስለኛል፤ ዛሬ ማታ ለብቻዋ አነጋግራት።

እስከዚያው ሚሚ ስትተኛ ልብሷን ገለጥ አድርገህ ትንፋሿን ቁጠር። ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ሰዓት ይዘህ። በእሷ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፣ ወይም አየር ስትስብ ከጎድኗ በታች ያለው ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ እስኪነጋ አትጠብቅ። ትኩሳት ካላት ደግሞ እናንተ ጋ ወባ አለና ደሟ ይመርመር።

አሁን ወደ ሳህኑ። መልሱን አንተው ጽፈህልኛል፤ «ደግነቱ» ብለህ የጀመርካት አረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል። ጡጦዋ እንደ አብዛኛው ጡጦ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ በቀን አራት ጊዜ ማለት አንድ ሊትር ወተት ነው። ለዚህ ዕድሜ ግማሽ ሊትር ይበቃል። በላዩ ላይ ብስኩት አለ። ሚሚ እህል አልጠላችም፤ ጠግባለች። በአንተ ሙያ ልንገርህ፦ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ከቻርጀር ያልተነቀለ ስልክ ሆናለች፣ አንተ ግን አይሞላም ብለህ ሌላ ቻርጀር ትፈልጋለህ።

ወተት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የብረት ማዕድን የለውም በሚባል ደረጃ አነስተኛ ነው። በወተት ብቻ የቆመች ልጅ ወፍራም መስላ ደሟ ሊያንስ ይችላል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ይህንንም ንገራቸው።

ሌላም አለ፤ ወላጆችን ሁሉ የሚያስደነግጥ። 3 ኪሎ ሆና የተወለደች ልጅ ዓመት ሲሞላት 9 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። በሁለተኛው ዓመት ግን የምትጨምረው 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ዕድገቷ ዝግ ሲል የምግብ ፍላጎቷም ዝግ ይላል። አምና ማንኪያ ስታይ ትንጠራራ የነበረችው ልጅ ዘንድሮ ፊቷን ብታዞር አልታመመችም።

የእኛን አገር ማጉረስ ታውቀዋለህ። እንግዳ እንኳ ጠገብኩ ቢል «በሞቴ» ተብሎ ሦስት ይጎርሳል። እኔም ልጆቼን አፍንጫቸውን ይዤ አጥሚት አጠጥቻለሁ፤ ነርስ ሆኜም ጭምር! የመጨረሻ ልጄ ሠላሳ ዓመት አልፎት እስከ ዛሬ አጥሚት ሲሸተው ከቤት ይወጣል። ስልኩም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሳያስለቅስ መሥራቱ ነው። ዓይኗ ከመስታወቱ ላይ ተተክሎ ሳለ አፏ የሚከፈተው አንተ ስላቀረብክ እንጂ ስለራባት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስልክና ቴሌቪዥን ማሳየትን አይመክርም፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። አንተ ለአንድ ሳህን ብቻ አንድ ሰዓት እያጠፋህ ነው።

እንዲህ አድርግ። የረፋዱንና ከእንቅልፍ በኋላ ያለውን ጡጦ አስቀር። የቀረውን ወተት በኩባያ ስጣት፤ ትደፋዋለች፣ ትወልውላለህ። ማታ ጡጦ አፏ ውስጥ ሆኖ መተኛቱም ጥርሷን ያበላሸዋልና ቀስ በቀስ ይቅር። ምሳህን ከእሷ ጋር አንድ ላይ ብላ። አንተ ሱቅ ውስጥ ቆመህ እየጎረስክ እሷ ብቻዋን ሳህን ተደቅኖባት ከሆነ ምግብ ለእሷ ቅጣት ይመስላታል። በትንሽ ሳህን ትንሽ ፍትፍት፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ ወይም የምስር ወጥ፣ እንቁላል አድርግላት። ጣና አጠገብ ሆነህ ዓሣ እንዳይቀርባት፤ ቆሮሶውን አጥንቱን በጣትህ እየዳሰስክ ፈልቅቀህ ስጣት። በራሷ እጅ ትብላ። ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል፣ ግድ የለህም። ሃያ ደቂቃ ካለፈ ሳህኑን አንሣ፤ አትለማመጣት፣ አትቆጣትም። እስከ መቅሰስ ድረስ ውኃ ብቻ፤ መቅሰሱም ሙዝ ወይም ፓፓያ ይሁን። አማትህ ብስኩቱን ይተዉና ሙዝ ይዘው ይምጡ፤ የአያት እጅ ባዶውን መግባት እንደማይሆንለት አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ትጮሃለች፤ ስልኩን በጣቷ እየጠቆመች ታስለቅስሃለች። ስልኩ ከዓይኗ ይሰወር። የአንተን ሱቅ ሳስብ ይህ ቀልድ እንደሚመስል ይገባኛል።

ስለ ሱቁ ካነሣን አይቀር ያልጠየቅኸኝን ልናገር፤ ከደብዳቤህ ሁሉ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነችው የሰዓትና የሪሞት ባትሪ ጉሮሮዋ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋዋን ልታቃጥል ትችላለች። ዋጠች ብለህ ከጠረጠርክ ላስታውካት አትበል፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ ሩጥ። ቲነሩንም በውኃ ፕላስቲክ አታስቀምጥ፤ ለእሷ ውኃ ነው። አናጺ ጠርተህ በቤቱና በሱቁ መካከል ደረትህ ድረስ የሚደርስ ግማሽ በር አሠራ፤ አንተ ታያታለህ፣ እሷም ታይሃለች። ጥቃቅኑን ብሎንና መበየጃውን ለእንቅልፏ ሰዓት አቆየው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሌሊቱም ቀኑም ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል፤ ከዚያ ውስጥ የቀኑ የአንተ ነው። ለቡና ሲቀመጡም ቆሎው ከእጇ ይራቅ። ማላመጫ ጥርሶቿ ገና አላለቁም፤ ቆሎና ለውዝ ትንፋሽ መተላለፊያ ውስጥ የሚገቡት ልጅ እየሳቀ ወይም እየሮጠ ሲበላ ነው። ጀበናውና ከሰሉ ጋ ማን እንደሚጠብቃት ቡናው ሳይቆላ ተነጋገሩ።

«እምቢ» ስላለችው ብዙ አልልም። አንድ ዓመት ሙሉ የፈለግኸውን አልብሰሃታል፣ የፈለግህበት አስቀምጠሃታል፤ አሁን እሷም ፈቃድ እንዳላት ደረሰችበት። «ጫማ ታደርጊያለሽ?» ካልካት እምቢ ትልሃለች። «ቀዩን ነው ወይስ ሰማያዊውን?» ብትላት ግን ምርጫው ያጠምዳታል። ከሱቁ ፊት ስትዘረጋ አጠገቧ ቁጭ በል፤ አስፋልት ዳር ከሆነ አንሥተህ ወደ ዳር ውሰዳት። በጩኸቷ ከረሜላ እንዳትገዛ፤ አንድ ቀን ከገዛህ በማግስቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ትዘረጋለች። ሾፌሮቹን ተዋቸው፤ እነሱም በዚያ ዕድሜ ተዘርግተዋል።

ሞግዚት ለሚሉህ ደግሞ «ሞግዚት ደመወዝ አላት» በላቸው።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ የክትባት ካርዷን አትርሳ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር አንድ፣ በ15 ወር ደግሞ ሌላ አለ። ብዙ ወላጅ የ9 ወሩን ካስወጋ በኋላ ጨረስን ብሎ ካርዱን ይከተዋል። ሁለተኛው ካመለጣት አሁንም ይሰጣታልና ጠይቅ። በየስድስት ወሩ የሚሰጠውንም የቫይታሚን ኤ ጠብታ መቼ እንደወሰደች ያዩልሃል። ይመዝኗት፤ መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን በዓይንህ እየው። ካርዱ የት እንዳለ ካላወቅህ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሠርጋችሁ አልበም ሥር ፈልገው። የእኔ ልጆች ካርድ ሁልጊዜ የሚገኘው እዚያ ነበር።