ያለ ነዳጅ ይሠራል የተባለውን ጄኔሬተር ከመግዛትሽ በፊት ባትሪውን አስነቅይ

ጥያቄው የመጣው ኮምቦልቻ ላይ ጁስ ቤት ካላት እህት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ጋሼ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዬ እየቆመ ተቸግሬአለሁ። አንድ ድርጅት ያለ ነዳጅና ያለ ፀሐይ የሚሠራ 5 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር ፈጥረናል ብሎ ደሴ ላይ አሳየን። ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው መልሶ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ሁለቱ ባትሪዎች ለማስነሻ ብቻ ናቸው አሉ። ስድስት አምፖል ሲያበራ በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹን አሁን ከከፈልኩ ቅናሽ አለው። ልግዛው?»

አይ እህቴ፣ አትግዢው። ምክንያቱን ግን በደንብ ልንገርሽ። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ስም ሰጥቶት ይመጣልና።

እኔ ደሴ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እየጠመጠምኩ፣ ጄኔሬተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ደህና የሚባል ሞተር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 85 በመቶ ገደማውን ወደ ማዞር ጉልበት ይቀይራል። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሲሠራ የዋለ ሞተር ላይ እጅሽን ብታሳርፊ የሚፈጅሽ እሱ ነው። ዲናሞውም እንደዚያው ያጎድላል። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተርም 10 በመቶ ያህል ይወስዳል። እናስላው። ከባትሪው 1,000 ዋት ወጣ እንበል። ኢንቨርተሩን አልፎ 900 ይሆናል። ከሞተሩ 765 ይወጣል። ዲናሞው ጋ ሲደርስ 650 ነው። ሞተሩ ደግሞ 900 ይፈልጋል። ራሱን ማዞር ያቃተው ነገር ለአምፖልሽ ከየት ያመጣል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል ስትወርጂ መኪናው ነዳጅ ሳይረገጥም ይሮጣል። በዚያ ሩጫ ብቻ ተመልሶ ደሴ የወጣ መኪና ግን የለም። «ከባድ ጎማ አስረንበታል፣ እሱ ጉልበት ይጨምራል» ቢሉሽም ያው ነው። ጎማው የሚመልሰው ያስገቡበትን ጉልበት ነው፣ እሱንም አጉድሎ።

ይህ ወሬ እኛ ጋ የተጀመረ አይደለም። ስቴርን የሚባል የደብሊን ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ነፃ ኃይል የሚያመነጭ የማግኔት መሣሪያ ሠርተናል፣ ሳይንቲስቶች መጥታችሁ መርምሩን አለ። በ2007 ለንደን ላይ ለሕዝብ ሊያሳይ ቀጠሮ ይዞ ነበር። መሣሪያው አልሠራም። ምክንያቱ የመብራቶቹ ሙቀት ነው ተባለ። ኩባንያው ራሱ የመረጣቸው 22 መርማሪዎች በ2009 በአንድ ድምፅ «ኃይል መመንጨቱን አላሳየም» ብለው ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደብሊን ላይ ሌላ መሣሪያ አሳየ። በዚያኛው ላይ ባትሪ ተገጥሞ ነበር። በ2015 ደግሞ የስልክ ቻርጀር ነው ብሎ አንዱን በ1,200 ዩሮ ለገበያ አቀረበ። በ2016 ተዘጋ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሱት ባለሀብቶች ናቸው። አንቺ የምታፈሽው የጁስ ቤትሽን መቋቋሚያ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

አሁን ወዳየሻቸው አምፖሎች እንምጣ። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር አወር ባትሪ ግማሹ ብቻ እንኳ ቢወጣ 2,400 ዋት አወር (ዋት በሰዓት ተባዝቶ) ይሰጣል። ስድስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 54 ዋት ነው። ከአርባ ሰዓት በላይ ያበራል ማለት ነው! ዲናሞው ጭራሽ ባይኖርም ያበራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። አንዳንዱ ክላምፕ ሜትር፣ ገመድ ነክሶ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ፣ አምጥቶ የባትሪውን ገመድ ያስነክስና «ይኸው ዜሮ፣ ከባትሪ ምንም አይወጣም» ይላል። እዚህ ከተማ በየኤሌክትሪሻኑ ኪስ ያለው ክላምፕ አብዛኛው ኤሲ፣ ማለትም የመስመሩን መብራት ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ ብቻ ነው የሚለካው። ከባትሪው የሚወጣው ግን ዲሲ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ እየወጣም ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ዲሲ የሚለካ መሆኑን ሳታረጋግጪ ያንን ዜሮ አትቀበይ።

አሁንም ልብሽ ካልቆረጠ እንዲህ በያቸው። ማሽኑ ይነሳ፣ ከዚያ ባትሪው ከነገመዱ ይነቀል። ለማስነሻ ብቻ ከሆነ ምንም አይጎድልበትም። ሳጥኑ ይከፈት። ቀጥሎ የራስሽን የእንጀራ ምጣድ ይዘሽ ሂጂና ሰኪው። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፣ 5 ኪሎ ዋት ያለ ማሽን ሊከብደው አይገባም። ግማሽ ቀን ይቆይ። «ባትሪውን መንቀል ዋስትናውን ያበላሻል» ካሉሽ መልሱን አግኝተሻል፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ በምንም ምክንያት አይሆንም።

ለችግርሽ የሚሆነው ኢንቨርተርና ባትሪ ነው። ሦስት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ሁለቱ ፍሪጆችሽ አንዳቸው 150 ዋት ሆነው ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሚነሱ 450 ዋት አወር ይበላሉ። አምፖል 180፣ የጁስ ማሽኑ በድምሩ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 250። ድምሩ 880 ነው። አንድ ባለ 200 ባትሪ ይችለዋል። መብራት ሲመጣ ራሱ ይሞላል። ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ፣ ይሁን፣ ከ2 ኪሎ ዋት አይነስ። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባልና። የማኪያቶ ማሽን ካለሽ እሱን አትሰኪበት፤ እሱ የቤንዚን ጄኔሬተር ነው የሚፈልገው፣ ጄኔሬተሩም ከቤት ውጭ ይቀመጥ፣ ጭሱ ይገድላል።