ጥቁሯ ሦስት ማዕዘን

የአንባቢያን ጥያቄ ለፋርማሲስቷ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እናቴ ስኳርም የልብ ሕመምም አለባት። ጀርመን ያለችው ታናሼ አዲስ መድኃኒት ልካላት እዚህ የሚከታተላት ሐኪም አይቶ ጀምሪው ብሏታል። ችግሩ የመጣው ጀርመንኛ የሚችል ጎረቤታችን ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሲያነብልን ነው። ከላይ የተዘቀዘቀች ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለች። አጠገቧ «ይህ መድኃኒት ተጨማሪ ክትትል ይደረግበታል» ይላል። ከዚያ ወዲህ እናቴ «ሊሞክሩብኝ ነው እንዴ?» እያለች አንድ ቀን ትውጣለች፣ አንድ ቀን ትተዋለች። ወንድሜ ደግሞ ክትትል የሚበዛው ችግር ያለበት ነገር ላይ ነው ይላል። እውነቱን ይንገሩኝ።
ሰ.፣ አዳማ፣ ፍራንኮ

መልስ፦ ሰ. እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪልኝ። እኔን ያስፈራኝ ሦስት ማዕዘኗ ሳትሆን መድኃኒቱን ማቆራረጣቸው ነው። ስኳርና ልብ ላለበት ሰው ይሄ በራሱ አደጋ አለው። ማቆም ካለባቸው ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ያቁሙ፤ በፍርሃት ግን አይሁን።

ወደ ምልክቷ ልምጣ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህቺን ሦስት ማዕዘን መጠቀም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ካርቶኑ ላይ አትገኝም፤ የምትታተመው ውስጥ ባለው ወረቀትና ለሐኪሞች በሚዘጋጀው መግለጫ ላይ ነው። ከዚህ በፊት ያልነበረ ንጥረ ነገር የያዘ መድኃኒት ሁሉ ይደረግበታል። አዳዲስ ክትባቶችም፣ «ጸድቋል፣ ግን ተጨማሪ ጥናት አምጡ» የተባሉትም እንዲሁ። የኮቪድ ክትባቶች በአውሮፓ ይህቺው ምልክት ነበረችባቸው። አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ትቆያለች፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የደኅንነት ኮሚቴ በቂ መረጃ አለኝ ሲል ትነሳለች። ስለዚህ እናትሽ የሚውጡት የጸደቀ መድኃኒት ነው። ማንም እየሞከረባቸው አይደለም።

ወንድምሽ «ከጸደቀ ታዲያ ምን ይከታተሉታል?» ማለቱ አይቀርም። አንድ መድኃኒት ከመጽደቁ በፊት የሚሞከረው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ ነው። 3,000 ሰው ወስዶት አንድ ዓይነት ጉዳት በማንም ላይ ባይታይ እንኳ ያ ጉዳት ከ1,000 ሰው አንዱን ሊያገኝ እንደሚችል ማስተባበል አይቻልም። ስሌቱ ያን ያህል ነው የሚያስኬደው። በኋላ ሚሊዮኖች ሲወስዱት ከሺህ አንድ ማለት ብዙ ሰው ነው። ሙከራ ውስጥ የሚገቡትም ተመርጠው ነው። ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ አትገባም። ኩላሊቱ የደከመ፣ ዕድሜው የገፋ፣ አምስት ዓይነት ኪኒን አብሮ የሚውጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይቀራል። የእኛ እናቶች ደግሞ በዚያ ላይ ዳማ ከሴውን፣ ፌጦውን ይጨምሩበታል። ምልክቷ የምትለው ይህንኑ ነው፦ እስካሁን ያየነው ደህና ነው፣ ያላየነው ስላለ የምታዩትን ንገሩን።

ይህ ሥርዓት የመጣው በሕፃናት አካል ነው። ታሊዶማይድ የሚባል ማረጋጊያ እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽም ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ ከጀርመን ገበያ ሲወጣ፣ በብዙ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው በቅጡ ሳያድግ ተወልደዋል ወይም ተጎድተዋል። የየሐኪሙን ወሬ አንድ ቦታ የሚሰበስብ አልነበረም። ነገሩን ያያያዙት አንድ ጀርመናዊ የሕፃናት ሐኪምና አንድ አውስትራሊያዊ የማዋለድ ሐኪም ናቸው፣ ያውም በየፊናቸው። እንግሊዝ ሐኪሞች የጠረጠሩትን የመድኃኒት ጉዳት የሚያሳውቁበትን የቢጫ ካርድ ሪፖርቷን በ1964 የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 አሥር አገሮችን ይዞ የመድኃኒት ጉዳትን የሚከታተል ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አቋቋመ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ገብታበታለች፤ የእኛም ቅጽ ቢጫ ነው።

ለወንድምሽ ግን ከዚህ ይልቅ የቦትስዋናን ታሪክ ብትነግሪው ደስ ይለኛል። ክትትል መድኃኒት ለመክሰስ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየዋል።

ዶሉቴግራቪር የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። ዛሬ እኛም አገር ዋነኛው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ድንጋጤ ሆነ። ቦትስዋና ውስጥ በተመረጡ ሆስፒታሎች አዋላጆች የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ ከራሱ እስከ እግሩ፣ ገልብጠው ጀርባውን ጭምር እያዩ ይመዘግቡ ነበር። ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ካረገዙ 426 እናቶች የአራቱ ልጆች በአከርካሪ ወይም በአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ተወለዱ። ሌሎቹን መድኃኒቶች በሚወስዱት እናቶች ዘንድ ቁጥሩ ከ1,000 አንድ ገደማ ነበር። ወዲያው ማስጠንቀቂያ ወጣ። ብዙ ሴቶች ከተሻለው መድኃኒት ተከልክለው በቀድሞው ቆዩ።

አዋላጆቹ ግን መመዝገባቸውን አላቆሙም። በ2019 ቁጥሩ ከ1,683 አምስት ሆነ። በ2022 ከ9,000 በላይ ልደት ተቆጥሮ ከ1,000 አንድ ገደማ ላይ አረፈ፤ ማለትም እንደ ሌሎቹ። የመጀመሪያው አኃዝ ከጥቂት እናቶች ላይ የተወሰደ ስለነበር በአጋጣሚ አብጦ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለሴቶችም ዋነኛ መድኃኒት እንዲሆን መከረ። እነዚያ አዋላጆች መጀመሪያ ዝም ብለው ቢሆን አንድ ሐጢአት፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ መቁጠራቸውን ትተው ቢሆን ሌላ ሐጢአት ነበር። ሴቶቹ እስከ ዛሬ በከንቱ ፍርሃት ይከለከሉ ነበር። በሥራዬ ከሰማኋቸው ታሪኮች ይህን ያህል የማከብረው ጥቂት ነው።

እኛ ጋ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እናትሽ ወረቀቱን ያዩት ሙሉ ካርቶን ስለተላከላቸው ነው። በከተማችን አብዛኛው ሰው የሚገዛው በስትሪፕ ነው። ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ስትሪፑም በመቀስ ሲቆረጥ የባች ቁጥሩ፣ ማለትም መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚናገረው ቁጥር፣ ያለበት ጫፍ ለሌላ ሰው ይደርሳል። አንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ሊገዙ መጡ። ከዚያ በፊት ሌላ ሽሮፕ ጨርሰዋል፣ አንቲባዮቲክም ወስደዋል፤ ደረቁ ሳል ግን አልለቀቃቸውም። «ሌላ የሚወስዱት አለ እማማ?» አልኳቸው። «የለም፣ የግፊቴ ብቻ» አሉኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አወጡት። ሁለት ፍሬ የቀረው ቁራጭ ነው፤ ከስሙ የሚነበበው «ፕሪል» የምትለው መጨረሻ ብቻ ነበረች። እሷም በቃች። ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ ደረቅ ሳል እንደሚያመጡ የታወቀ ነው። ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው፣ መድኃኒቱን ቀየረላቸው፣ ሳሉም ጠፋ። «የግፊቴ ብቻ» ያሉት ነገር ነበር መንስኤው። ይሄ እንግዲህ በሰፊው የሚታወቅ ጉዳት ነው። ገና ማንም የማያውቀው ቢሆንስ ማን ያያይዘው ነበር?

በሌላውም ዓለም ቢሆን ሰው አይናገርም። የብዙ አገር ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ግምገማ ከመድኃኒት ጉዳቶች ከ100 ከ90 በላዩ ሪፖርት እንደማይደረግ ገምቷል። ሦስት ማዕዘኗ የተፈጠረችው ይህን ዝምታ ለመስበር ነው።

አሁን ለእናትሽ የምታደርጊው። ካርቶኑንም ወረቀቱንም አትጣይ፤ የባች ቁጥሩ እዚያ ነው ያለው። መድኃኒቱን የጀመሩበትን ቀንና ሌላ የሚወስዱትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ዳማ ከሴውን ጭምር። ከመጀመራቸው በፊት የኩላሊትና የስኳር ምርመራ ተሠርቶላቸው ከሆነ ውጤቱን አብረሽ አስቀምጪ፣ ኋላ የሚነጻጸረው ከሱ ጋር ነው። አዲስ ነገር ካዩ፣ ቢያፍሩበትም፣ ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲስት ይንገሩና ቢጫው ቅጽ ይሞላ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ ስልክ 8482 ነው፣ ራስሽም መደወል ትችያለሽ። መድኃኒቱ ነው ያመጣው ብለሽ ማረጋገጥ አይጠበቅብሽም፤ መጠርጠር ይበቃል። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ቆዳ ውሃ ከቋጠረ ግን ስልኩም ቅጹም ይቆይ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። እግረ መንገዴን ደግሞ፣ ታናሽሽ የላከችው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ሐኪሙን ጠይቂው። አገር ውስጥ ከሌለ መቆራረጡ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ የነፋስ ኃይል ማመንጫው ላይ ቴክኒሻን ነኝ። አዲስ ማሽን ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ወራት ክትትላችን ይበዛል። ብሎኑ እንደገና ይጠበቃል፣ ንዝረቱ ይመዘገባል። የእናንተው ተጨማሪ ክትትል ከዚህ በምን ይለያል?
ዳ.፣ አዳማ

መልስ፦ ዳ. ወንድሜ፣ ብዙ አይለይም። ከአዲስ አበባ ስመለስ ኮረብታው ላይ እነዚያን ማማዎች ባየሁ ቁጥር ይህንኑ አስባለሁ። እናንተ መጀመሪያ የመዘገባችሁት ንዝረት ኋላ ለሚመጣው ሁሉ መለኪያችሁ ነው፤ እኛም ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ደም የምናስመረምረው ለዚያ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። አዲስ ማሽን መጀመሪያ ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአሠራር ወይም በአተካከል ጉድለት ነው። መድኃኒቱ ግን ያለ አንዳች ጉድለት ተሠርቶም ለተወሰነ ሰው ላይስማማ ይችላል። ደግሞ ማሽኑ ላይ ሴንሰር ትገጥሙበታላችሁ፤ የእኔ ሴንሰር በሽተኛው ራሱ ነው፣ ካልተናገረ አልሰማም።

ሁለታችንንም የሚያገናኘን ከባዱ ነገር ከምልክቱ በኋላ የሚመጣው ነው። ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የነበረው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው በአንድ ሴንሰር ንባብ ብቻ ነበር፤ አፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት ሴንሰር እያለው። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንዱ ተከስክሶ 189 ሰው አለቀ። ምልክቱ መጣ ማለት ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በውስጥ ባደረገው ስሌት፣ ሥርዓቱ ካልተስተካከለ አውሮፕላኖቹ አገልግሎት ላይ በሚቆዩበት ዘመን 15 ገደማ ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቷል። ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተላከ፤ ጥገናው እስኪደርስ አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ 157 ሰው አጣን። በዚያ እሁድ ማለዳ የሆነውን ከዚህ ከተማ የሚረሳው ያለ አይመስለኝም። አውሮፕላኑ በዓለም ዙሪያ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ሲስተካከል ሥርዓቱ ሁለቱንም ሴንሰር እያነጻጸረ፣ ካልተስማሙ እንዳይሠራ ተደረገ።

እዚያ የጎደለው መረጃ አልነበረም። በእጅ የነበረውን መረጃ ይዞ «ይቁም» የሚል ነው የጠፋው። ስለዚህ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ንዝረቱ ከመዝገባችሁ ሲወጣ፣ የማታ ተረኛው አለቃ ሳያስፈቅድ ማሽኑን ማቆም ይችላል? ጻፍልኝ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።