ሕዝቅኤል ያየው መንኮራኩር፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

የእህታችን ጥያቄ ይሄ ነበር፦ «ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1ን አንብቤ ግራ ገባኝ። አራት ፊት ያላቸው እንስሶች፣ በመንኮራኩር ውስጥ መንኮራኩር፣ ዙሪያውን ዓይን የሞላበት! እያንዳንዱ ምንን ያመለክታል? የአጎቴ ልጅ ደግሞ የጠፈር መርከብ ነው እያለ ይከራከረኛል። ይህን ብቻዬን ባነብስ ችግር አለው?»

እኛ በስልክ በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሕዝቅኤልን ደጋግመን ሄደንበታል። አስተባባሪው እኔ ስለሆንኩ ሰው የት ላይ እንደሚጠፋ አውቀዋለሁ። ገና ሳይጀመር «አንበሳው ምንድን ነው? ንስሩስ?» እየተባለ ዝርዝር ይወጣል። አንዱ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው የለም እንዲያ ነው ይላል፣ ምሽቱ በክርክር ያልቃል። ስለዚህ ፊቶቹን ለጊዜው ተዪያቸውና መጀመሪያ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ደግመሽ አንብቢ። ሰው ሁሉ የሚዘላቸው እነሱን ነው።

ራእዩን ያየው ማን ነው? የት ሆኖ? ሕዝቅኤል ካህን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ንጉሥ ዮአኪንን ማርኮ ሲወስድ አብረው ከተጋዙት ጋር ባቢሎን ገባ። ራእዩን ያየው በአምስተኛው የምርኮ ዓመት፣ በ593 ነው። ያየበት ኮቦር የተባለው ወንዝ በዛሬው ደቡብ ኢራቅ፣ በኒፑር ከተማ አካባቢ የነበረ የመስኖ ቦይ ነው። «በሠላሳኛው ዓመት» የሚለውን ደግሞ ብዙ ተርጓሚዎች የነቢዩ ዕድሜ ነው ይላሉ። ዘኍልቍ 4 ላይ የመገናኛው ድንኳን አገልግሎት የሚጀመረው በ30 ዓመት ነው። እንግዲህ አስቢው። ሰውዬው አገሩ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት መቅደስ ገብቶ ያገለግል ነበር። አሁን ግን ከምርኮኛ ጋር ቦይ ዳር ነው ያለው።

አሁን ወደ መንኮራኩሩ እንምጣ። በራእዩ ከእንስሶቹ ራስ በላይ የእግዚአብሔር ዙፋን አለ፤ መንኮራኩሮቹም ከእንስሶቹ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ዙፋን ከመቼ ወዲህ ነው ጎማ የሚኖረው? ዙፋን ቤተ መንግሥት ውስጥ ተተክሎ ነው የሚቀመጠው፤ ሕዝቡ ነው ወደሱ የሚሄደው። ይኼኛው ግን ይሄዳል። ወደ አራቱም አቅጣጫ ይሄዳል፣ ሲሄድም መዞር አያስፈልገውም። ምርኮኞቹ ደግሞ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌም ቀርቷል፣ እኛ ከፊቱ ርቀናል ብለው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ናቸው።

ይህን ስናነብ ሳዑዲ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን መስመር ላይ ነበረች። ዕቃ እያጠበች ነው የምትከታተለው፤ የቧንቧው ውሃ ለሁላችንም ይሰማል። ውሃውን ዘጋችና «ታዲያ እነሱ መሄድ ስላልቻሉ እሱ መጣላቸዋ!» አለች። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ለምትኖር ሰው ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። እኔ የተዘጋጀሁበት ማብራሪያ ከዚህ በጣም ይረዝም ነበር።

መጽሐፉም ራሱ በዚሁ መንገድ ይቀጥላል። ምዕራፍ 10 ላይ ያው ባለ መንኮራኩር ዙፋን፣ ሰረገላ የሚባለው፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንስሶቹም ኪሩቤል መሆናቸውን ነቢዩ ይነግረናል። የእግዚአብሔር ክብር ከመቅደሱ ደፍ ተነስቶ ይወጣል፤ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው ተራራ ላይ ይቆማል። ምዕራፍ 43 ላይ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ይመለሳል። ነቢዩም በኮቦር ወንዝ ያየሁትን ይመስል ነበር ይላል። ምዕራፍ 1ን ብቻ አንብቦ መፍታት የሚከብደው ለዚህ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ካላነበብሽ እንቆቅልሽ ብቻ ይሆንብሻል።

ሌላው ደግሞ፣ ያየው ነገር ለካህን እንግዳ አይደለም። 1ኛ ነገሥት 7 ላይ ሰሎሞን ያሠራቸውን የናስ መቀመጫዎች፣ የውሃ ገንዳ የሚቀመጥባቸውን፣ ተመልከቺ። አንበሳ፣ በሬና ኪሩብ ተቀርጾባቸዋል፣ አሠራሩ እንደ ሰረገላ የሆነ መንኮራኩርም አላቸው። የመቅደሱ ዕቃ ሕይወት ዘርቶ፣ እሳት ለብሶ መጣለት ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የአሦር ነገሥታት በቤተ መንግሥታቸው በር ላይ የሰው ራስ፣ የበሬ ወይም የአንበሳ ገላ፣ የንስር ክንፍ ያላቸው ግዙፍ የድንጋይ ምስሎች ያቆሙ ነበር። ለንደንና ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ዛሬም አሉ። በዚያ ዘመን ንጉሥን ይጠብቃሉ የሚባሉ ዓይነት ፍጥረታት እዚህ የእግዚአብሔርን ዙፋን ከላያቸው ይዘዋል። ይህ ለአንድ ምርኮኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዓይኖቹን ዘካርያስ 4 ይፈታልሻል፤ በምድር ሁሉ የሚዘዋወሩ የእግዚአብሔር ዓይኖች ይላል። ያላየው ጥግ የለም፣ ባቢሎንም ጭምር። በዙፋኑ ዙሪያ የታየው ቀስተ ደመና የኖኅ ኪዳን ነው። ሰንፔር የሚመስለውን ዙፋንና ከሥሩ ያለውን ብርሌ መሰል ጠፈር ከዘፀአት 24 ጋር አስተያዪው።

ፊቶቹ ላይ አባቶቻችን ያስተማሩን ቆንጆ ነው። ገጸ ሰብእ (የሰው ፊት) ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላህም (የበሬ ፊት) ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ ይለምናሉ። ኅዳር 8 የምናከብራቸው አርባዕቱ እንስሳ እነዚሁ ናቸው፤ በሥላሴ ሥዕል ማዕዘን ላይም ታገኛቸዋለሽ። ፍጥረት ሁሉ በዙፋኑ ሥር ተወክሏል ማለት ነው። አራቱ ወንጌላውያን ናቸው የሚለውም የቆየ ትርጓሜ ነው፤ ግን ቅዱስ ሄሬኔዎስ ንስሩን ለማርቆስ፣ አንበሳውን ለዮሐንስ ሲሰጥ ሄሮኒሞስ ደግሞ ገልብጦታል። የለመድነው የሄሮኒሞስን ነው። ሁለቱም አባቶች ናቸው፣ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሰው አትጣዪ።

የአጎትሽ ልጅ ብቻውን አይደለም። በ1970ዎቹ አንድ የናሳ መሐንዲስ ሳይቀር መጽሐፍ ጽፎበታል። እኛ ጋ ደግሞ ዜና አንባቢው የጠፈር መንኮራኩር ሲል ስለሚውል ነገሩ ይብስ ይደናገራል። እስቲ ጠይቂው፦ የጠፈር መርከብ ከሆነ ምዕራፍ 10 ላይ ከመቅደሱ ሲወጣ ለምን ሐዘን ሆነ? ሲመለስስ ለምን ደስታ ሆነ? ለኔ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ይኸው ወሬ ስለበዛ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ብቻሽን ስለማንበብ፣ የአይሁድ መምህራን ይህን የሰረገላ ምዕራፍ ለማንም እንዳይተረጎም ይከለክሉ ነበር፤ ጥበበኛና በራሱ አስተዋይ ለሆነ ሰው ካልሆነ በቀር። እኔ አንብቢ ነው የምልሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ የከበደሽን ጻፊና ብሉይ የተማሩ መምህር ፈልጊ፤ አንድምታውን፣ የአባቶችን ትርጓሜ፣ ቁጭ ብለው ይነግሩሻል። ምዕራፍ 40 ላይ የሚጀምረውን የቤተ መቅደስ ልኬት ግን ለጊዜው እለፊውና በቀጥታ ወደ ምዕራፍ 43 ሂጂ፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚዘጋው እዚያ ነው።