ሥራዬን ለቅቄ የሰላም አክቲቪስት ልሁን?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ካዛንቺስ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ዘምቶ የነበረው የአክስቴ ልጅ መርዶ አምና መጣ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ፓርቲ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ጦርነት ይብቃ ከሚሉት ጋር መቆም ነው የምፈልገው። ሥራዬን ልልቀቅ? በሰላም ጥናት ማስተርስ ያስፈልገኛል? እናቴ ደግሞ ‹አርፈሽ ተቀመጪ› ትለኛለች።»

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አክስትሽንም ያጽናቸው።

ሥራሽን አትልቀቂ። «ጦርነት ይብቃ» ማለት የሥራ መደብ የለውም። በዙሪያው ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሥራዎች አሉ፤ እመለስባቸዋለሁ። ገቢ የሌለው አክቲቪስት ግን ቶሎ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። አንዱ የትራንስፖርት ይሰጠዋል፣ ሌላው ስልክ ይገዛለታል፣ ሳይታወቀው የዚያ ወገን አፍ ሆኖ ያርፈዋል። የወር ደመወዝ ያላት ሴት ግን ለሁሉም ወገን «የእናንተም ጥይት ይቁም» ማለት ትችላለች።

ማስተርሱም ይቆይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ያስተምራል፤ ወደ ምርምር ወይም ወደ ፖሊሲ ሥራ ማዘንበል ከፈለግሽ ያኔ ትገቢያለሽ። መጀመሪያ ሥራውን ቅመሺው።

ዲግሪ ሳይኖር ይህን የሠሩ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰሜን ኬንያ ዋጂር ውስጥ ጎሳዎች ሲጋደሉ ገበያው ሳይቀር ተከፋፍሎ ነበር። ሠርግ ላይ የተገናኙ ጥቂት ሴቶች መነጋገር ጀመሩ። አንዷ ዴካ ኢብራሂም አብዲ ነበረች። መጀመሪያ የተስማሙት የየትኛውም ጎሳ ሴት ገበያ ገብታ እንድትሸጥና እንድትገዛ ነው። ይህ መከበሩን የሚከታተሉ ሴቶችም መደቡ። ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ወደ ወጣቶቹና ወደ ባለሥልጣናቱ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ዴካ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸለመች።

የኛንም አገር አንሺ። በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል በወጡ ወጣቶች ፊት ተንበረከኩ። ብዙ ሰው ሣሩን ነው የሚያስታውሰው። እኔ የማስታውሰው ወደ ማን እንደሄዱ ነው። የገዛ ልጆቻቸውን ነው ያስቆሙት። ማዶ ያለውን መውቀስ ለሁሉም ይቀላል፤ የራስን ወገን «ተው» ማለት ነው ከባዱ።

አንቺን የሚሰማሽ ማነው? ዘመድሽ፣ የሥራ ባልደረባሽ፣ ዕድራችሁ፣ የሃይማኖት ማኅበራችሁ። ለቅሶ ቤት አስቢ። ንፍሮው ዞሯል፣ ድንኳኑ ጥግ ካርታ ይጫወታሉ። አንድ ጋሼ «እነዚህን ማጥፋት ነው እንጂ ሌላ መላ የለም» ይላሉ። አጠገባቸው ያለው ይስማማል፣ ሌላው ስልኩን ይጎረጉራል። በሰው ፊት አትከራከሪያቸው። በአደባባይ የተረታ ሰው ይቀየማል እንጂ ሐሳቡን አይለውጥም። ቡና ሲመጣ ጠጋ ብለሽ «ጋሼ፣ ከእነሱ መሃል የሚያውቁት ሰው የለም?» በያቸው። ብዙ ጊዜ አለ። አብሯቸው የነገደ፣ አብሯቸው የተማረ፣ ክርስትና የተነሣሣ። ስለዚያ ሰው ያውሩሽ፤ አንቺ አድምጪ። በአንድ ቡና ማንም አይለወጥም። ግን በሚቀጥለው ለቅሶ እንዲያ ሲሉ ትንሽ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ዕድሩ በሰፈር ፈረሳ ተበትኗል ትዪኝ ይሆናል። ለወሩ ስብሰባ ከየኮንዶሚኒየሙ በታክሲ የሚመጡ ስንቱን አውቃለሁ! አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ ልጁ በየትኛውም በኩል ቢሞት፣ ያዘነ ቤተሰብ እኩል ይጠየቅ። ይህ ቀላል ይመስላል። ስብሰባው ላይ ስታነሺው ታዪዋለሽ።

ፌስቡክና ቲክቶክን ለመጨረሻ አቆይያቸው። ለእኔ ከሁሉም ትንሹ ሥራ እዚያ ያለው ነው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣው ይችላል። ያላጣራሽውን ቪዲዮ ሼር አታድርጊ። የሬሳ ምስል ጨርሶ አትለጥፊ፤ ቤተሰብ መርዶውን ከስልክ መስማት የለበትም። የራስሽን ጽሑፍ ደግሞ ከመለጠፍሽ በፊት የማዶው ሟች እናት ታነበዋለች ብለሽ አንብቢው።

እናትሽ በከንቱ አልፈሩም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ሰላማዊ ሰልፍን ይፈቅዳል። አዋጅ 3/1983 የሚጠይቀውም 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ወረቀቱና መሬቱ ግን ለየቅል ናቸው። ለኅዳር 30፣ 2016 መስቀል አደባባይ ታስቦ የነበረው የፀረ ጦርነት ሰልፍ አልተካሄደም፤ ከአስተባባሪዎቹም የታሰሩ ነበሩ። ስለዚህ በሰልፍ አስተባባሪነት አትጀምሪ። ወደዚያ የሚወስድሽ ቀን ከመጣ የሕግ ባለሙያ ስልክ ይኑርሽ፣ ብቻሽን አትሂጂ፣ የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው ይኑር። እናትሽን ደግሞ አትዋሺያቸው።

አሁን ወደ እንጀራው ልመለስ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አምስት ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። አትቸኩዪ። የተመዘገበ ማኅበር በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ያቀርባል፣ ለሕዝብ ወይም ለሌሎች ጥቅም የቆመ ከሆነ አስተዳደራዊ ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቅበታል። በጎ ሐሳብ ይዘው የተነሡ ትንንሽ ማኅበራት የሚንገዳገዱት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ደረሰኝ የለም፣ ሞዴል አይሞላም፣ ገንዘቡ የተቀመጠው በአንድ ሰው ስም ነው። ተናጋሪ ሞልቷቸዋል፤ የጠፋው ሒሳብ የሚዘጋላቸው ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለአንዱ በነፃ ሥሪለት። የዶነር በጀት እንዴት እንደሚሠራ እዚያው ትማሪያለሽ። ከዚያ በኋላ በሰላምና በሰብዓዊ ዕርዳታ ድርጅቶች ለፋይናንስ ኦፊሰርነት ስትወዳደሪ ባዶ እጅሽን አትቀርቢም።

ከሰብዓዊ መብት ጉዳይ ጋር መተዋወቅ ከፈለግሽ በ1984 የተመሠረተው ኢሰመጉ (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ) አለ። ስታዲየም አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም በጎ ፈቃደኞች አሉት። ቀይ መስቀል ግን ገለልተኛ ነው፤ ጦርነትን እያወገዘ መግለጫ አያወጣም። የቆሰለውን ከየትም ይምጣ ያክማል። ይህ ካልበቃሽ አልፈርድብሽም፤ ቁጣሽን ይዘሽ ገብተሽ በነሱ ስም እንዳትናገሪ ብቻ።

ሲቪሽን ስታዘጋጂ «ሰላም ወዳድ ነኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አውጪው። ሁሉም ይጽፈዋል። የማንን ሒሳብ እንደዘጋሽ፣ ለስንት ጊዜ እንደሠራሽና ኦዲተሩ ምን እንዳለ ጻፊ። የማኅበሩን ሰብሳቢ የምስክርነት ደብዳቤ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ሰብሳቢ ሲቀየር ደብዳቤ ማግኘት ፈተና ነው።