በመምቻው ላይ የተለጠፈው ስም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሻርጃ ነው። በስፖርት ዕቃ መደብር ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ህንዶችና ፓኪስታናውያን ስለሆኑ የምንሸጠውም በብዛት የክሪኬት ዕቃ ነው። መምቻ፣ ማለትም ኳሱ የሚመታበትን እንጨት፣ መጠገንና ስቲከር መለጠፍ የእኔ ድርሻ ነው። በክለብ ደረጃ የሚጫወት አንድ ደንበኛችን ከአንድ መምቻ አምራች ስፖንሰርነት አገኘ፤ የላኩለትን መምቻ ግን እጁ አልወደደውም። ሌላ ባለሙያ የሠራለትን አምጥቶ የድሮውን ስቲከር ላጥኩና የስፖንሰሩን ለጠፍኩለት። ከዚያ በኋላ ልጁን ይዞ የመጣ አባት «ያ ሰው የሚጫወትበትን ስጠኝ» ሲለኝ የስፖንሰሩን መምቻ ሸጥኩለት። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ታላላቆቹ ተጫዋቾችም እንዲህ ያደርጋሉ ይባላል፤ እውነት ነው? ጥፋቱስ የማን ነው? አለቃዬ ደግሞ ሰሞኑን ምንም ምልክት የሌላቸው የካሽሚር መምቻዎች አስመጥተው የታወቀ ኩባንያ ስቲከር እንድለጥፍባቸው ይፈልጋሉ። ስለ እሱም ቢመክሩኝ።
ኃ. ከሻርጃ

መልስ፦ ወንድሜ ኃ.፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ክሪኬትን ያወቅሁት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ ካስተማሩኝ ህንዳዊ መምህር ነው። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ከተመደቡት የህንድ መምህራን አንዱ ነበሩ፤ የጨዋታውን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ያስረዱን ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጨዋታውን በፍቅር ስለምከታተል ጥያቄህን በችኮላ ልመልሰው አልፈልግም።

አዎን፣ ልማዱ አለ፤ በሙያው ውስጥ ላሉትም ምሥጢር አይደለም። ለምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ከእንጨቱ መነሳት ይሻላል። የመምቻው ገላ የሚሠራው ከአኻያ ዛፍ ነው። በሕጉም ከእንጨት ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም፤ አውስትራሊያዊው ተጫዋች ዴኒስ ሊሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 በፐርዝ የአሉሚኒየም መምቻ ይዞ ከገባ በኋላ ይኸው በግልጽ ተደንግጓል። አኻያ ደግሞ እንደ ብረት አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። ከአንድ ግንድ የተፈለጡ ሁለት ቁራጮች እንኳን ኳስን የሚመልሱበት ኃይል ይለያያል። ስለዚህ ጥሩ መቺ እንጨቱን መርጦ፣ ክብደቱን አመዛዝኖ፣ ጠርዙን እንደ እጁ የሚልግለት ሰው ይፈልጋል። በህንዶቹ ከተሞች በሚሩትና በጃላንድሃር፣ በፓኪስታኗ ሲያልኮትና በእንግሊዝ ገጠሮች እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ያንን ሰው ያገኘ ተጫዋች አይለቀውም፤ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ፊት ለፊት ሲቆም የሚተማመነው በዚያ እጅ ላይ ነው። ባለሙያው ግን ብዙውን ጊዜ ለስፖንሰርነት የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ገንዘቡ ያለው ከትልቁ ኩባንያ ዘንድ ነው። እንጨቱ ከአንዱ፣ ስሙ ከሌላው የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መምቻ ራሱ ምን ያህል ታሪክ እንደሚሸከም ከጎረቤታችን ከናይሮቢ አንድ ነገር ልንገርህ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 1996 ፓኪስታናዊው ሻሂድ አፍሪዲ በስሪላንካ ላይ በ37 ኳስ መቶ ነጥብ አስቆጠረ፤ በአንድ ቀን የአገሮች ግጥሚያ ለረጅም ዓመታት ያልተደፈረ ፍጥነት ነበር። አፍሪዲ ራሱ እንደተናገረው የመታበት መምቻ የህንዱ የሳቺን ቴንዱልካር ነበር። ቴንዱልካር ተመሳሳዩን ሲያልኮት እንዲያሠራለት ለፓኪስታኑ ዋቃር ዮኒስ ሰጥቶት፣ ዋቃር ደግሞ ለወጣቱ አፍሪዲ አውሶት ነው። ህንዳዊ የዓለም ኮከብ የራሱን መምቻ ለመድገም ወደ ፓኪስታን የላጊዎች ከተማ ይልካል ማለት ነው። የእነዚያ ላጊዎች ስም ግን በየትኛውም የውጤት መዝገብ ላይ አይገኝም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄደህ ሸማኔው ሳምንቱን ሙሉ የደከመበት ጥለት በሱቁ ባለቤት ስም ብቻ ሲሸጥ ካየህ ስሜቴ ይገባሃል።

አሁን ወደ ስቲከሩ። ቴንዱልካር በ1996ቱ የዓለም ዋንጫ ምንም ስቲከር በሌለበት መምቻ 523 ነጥብ አስቆጥሮ ከሁሉም በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኤምአርኤፍ የተባለው የህንድ የመኪና ጎማ አምራች ስሙን ለጠፈበት፤ የዌስት ኢንዲሱ ብራያን ላራም የህንዱ ቪራት ኮህሊም በዚያው ስም ተጫውተዋል። የጎማ ኩባንያ ስም መምቻ ላይ ሲታይ፣ ተመልካቹ የተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑን ያውቃል፤ ጎማ ሠሪ መምቻውን ላገው ብሎ የሚያስብ የለም። በእርግጥ ዛሬ በዚያ ስም መምቻም ስለሚሸጥ ድንበሩ እንደ ድሮው ጥርት ያለ አይደለም። ሌላው ህንዳዊ ተጫዋች ማኅንድራ ሲንግ ዶኒ ደግሞ በ2019ኙ የዓለም ዋንጫ ቀድሞ የረዱትን ኩባንያዎች ለማመስገን ሲል ስቲከራቸውን እያፈራረቀ ያለ ክፍያ ለጥፏል። ደግ ሥራ ነው፤ ማንንም አልጎዳም።

ነገሩ የሚለወጠው መምቻ አምራች የሆነ ኩባንያ ስሙን ሌላ ሰው በሠራው እንጨት ላይ ሲያስለጥፍና፣ በዚያው ተጫዋች ፎቶግራፍ የራሱን ምርት ሲሸጥ ነው። ያኔ ስቲከሩ «እኔ ሠራሁት» ይላል፤ የሠራው ግን እሱ አይደለም። የክሪኬት ሕግ የንግድ ምልክቱ ውፍረት ከ0.2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥና በጀርባው ከገላው ግማሽ በላይ እንዳይሸፍን እስከመወሰን ይጠነቀቃል። የተጻፈው ስም እውነት ስለመሆኑ ግን ዳኛው የሚለካበት መሣሪያ አልተሰጠውም። ይህን የሚመለከቱት የማስታወቂያ ሕጎች ናቸው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን መመሪያ፣ ማስታወቂያው «ይጠቀምበታል» ካለ ሰውየው በእርግጥ ተጠቃሚ መሆን አለበት ይላል። ህንድ በ2022 ባወጣችው መመሪያ የታዋቂው ሰው ምስክርነት እውነተኛ አስተያየቱ እንዲሆን ታዛለች። የእኛም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው ብትለኝ፣ የመጀመሪያውን ድርሻ የምሰጠው ለኩባንያው ነው። ተጫዋቹ የተላከለትን ትቶ በሌላ እንደሚጫወት እያወቀ «የእገሌ መምቻ» ብሎ የሚሸጥ ኩባንያ ገዢውን እያታለለ ነው። ተጫዋቹን በሚተማመንበት እንጨት በመጫወቱ አልነቅፈውም፤ ካሜራ ፊት ቆሞ «ምርጫዬ ይህ ነው» ሲል ግን ከተታላዩ ልጅ ኪስ ገንዘብ እየወሰደ ነው። ከሁለቱ አንዱን መተው ነበረበት። በሌላው መምቻ ይጫወት፣ ስቲከሩንም ይለጥፍ፣ ግን አይመስክር።

አንተስ? የደንበኛህን መምቻ ስትለጥፍ የእሱን ንብረት በእሱ ትእዛዝ ነው የነካኸው። ኩባንያው ስቲከሩን ራሱ ከሰጠውና ነገሩን ካወቀ በዚያ ነፍስህን አታስጨንቅ። የከበደህ የአባትየው ጉዳይ ነው፤ ሊከብድህም ይገባል፤ እውነቱን የምታውቀው በዚያች ሰዓት አንተ ብቻ ነበርህና። አባትየው ተመልሶ ከመጣ «ያ ሰው በሌላ መምቻ ነው የሚጫወተው፤ ካልፈለጉት እንቀይርልዎታለን» በለው፤ አስቀድመህ ግን ከአለቃህ ጋር ተነጋገር። ወደፊት የሚጠይቅህ ሲመጣ የደንበኛህን ምሥጢር ማውጣት አያስፈልግህም። «የተጫዋቾች መምቻ ለእያንዳንዳቸው በልክ የሚሠራ ነው፤ ይህ ያው አይደለም፤ ለልጅዎ የሚሆነውን ግን ላሳይዎት» ማለት ይበቃል። ከዚያም ልጁን አስይዘው። በአንድ እጁ፣ በላይኛው እጁ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወደፊት አንስቶ ካልያዘው ይከብደዋል። ቴንዱልካር አጭር ቢሆንም በጣም ከባድ መምቻ ነበር የሚመርጠው፤ እሱን አይተው ከአቅማቸው በላይ የሚገዙ ልጆች እጃቸው ይጎዳል። አዲስ መምቻ ጠንካራ ኳስ ከመምታቱ በፊት የተልባ ዘይት በስሱ መቀባትና በእንጨት መዶሻ ለሰዓታት ቀስ ብሎ መመታት እንዳለበትም ንገራቸው። ይህን የነገርከው አባት ሁለተኛውንም ልጅ ይዞልህ ይመጣል።

የአለቃህ ትእዛዝ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ማለፍህ አሳስቦኛል። የካሽሚር አኻያ መጥፎ እንጨት አይደለም። ከእንግሊዙ ይከብዳል፣ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ለጀማሪ ይሆናል። በራሱ ስም ቢሸጥ ማንም አይከፋም። የሌላ ኩባንያ ስም ተለጥፎበት ከተሸጠ ግን በምትኖርበት አገር የንግድ ማጭበርበር ወንጀል ነው፤ ስቲከሩን የለጠፈው እጅ ደግሞ የአንተ ነው። የመኖሪያ ፈቃድህ ከሥራህ ጋር የተያያዘ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ስለዚህ ተጣልተህ ውጣ አልልህም። ለብቻቸው ስታገኛቸው በአክብሮት ንገራቸው። ደንበኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ መምቻ ሲይዙ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ የእንጨቱን መስመርና ቀለም አይተው እንደሚለዩት አስረዳቸው። «ካሽሚር፣ ለጀማሪ» ብለህ በራስህ እጅ የተጻፈ ምልክት ልታዘጋጅላቸው እንደምትችልም ጨምርበት። እምቢ ካሉ አንተ አትለጥፍ። ያን ጊዜ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምር፤ መምቻ መጠገን የሚችል ሰው በሻርጃ ሥራ የሚያጣ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሯጭ ነው። ከአንድ የጫማ ኩባንያ ጋር ተፈራርሟል። የሌላ ኩባንያ ጫማ ምልክቱን በቀለም አጥፍቶ ቢሮጥ ምን ይመጣበታል?
ወ. ከአሰላ

መልስ፦ ሁለት ነገር። አንደኛው ውሉ ነው፤ ከታወቀበት ክፍያውን ሊያጣ ይችላል፤ በዛሬው ካሜራ ደግሞ የጫማ ቅርጽ በቀለም አይደበቅም። ሁለተኛው የውድድር ሕግ ነው። በሪዮ 2016 ማራቶን ኪፕቾጌ፣ የእኛው ፈይሳ ሌሊሳና አሜሪካዊው ጌለን ሩፕ ገና ለገበያ ያልቀረበ የናይኪ ጫማ አድርገው ሜዳሊያዎቹን ወሰዱ። ስለ አዲሶቹ ጫማዎች ከተነሳው ክርክር በኋላ የዓለም አትሌቲክስ በ2020 ለጎዳና ሩጫ የሶሉን ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር ገደበ። በመስከረም 2021 ቪየና ላይ አንደኛ የገባው ደራራ ሁሪሳ ውጤቱ የተሰረዘው የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ነው፤ ከውድድሩ በፊት በቅጹ ላይ ያስመዘገበውም ሌላ ጫማ ነበር። ወንድምሽ በቅጹ ላይ የሚያደርገውን ጫማ ስም ልክ እንዳለ ይጻፍ፣ ጫማው በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጥ። የኩባንያው ጫማ ካልተስማማው ደግሞ በማናጀሩ በኩል ለዚያ ውድድር ብቻ የሚያገለግል የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ጥያቄው ከውድድሩ ቢያንስ ወር ቀደም ብሎ ይድረሳቸው።